የአቶ ዳባ ሰባት ቤት

ከጦር ኃይሎች ወደ ቀራንዮ የሚያደርሰውን የታክሲ ሰልፍ፣ ሙሽራ ሆኖ የተሰለፈ አያት ሆኖ ይሳፈራል እያሉ ይቀልዱበታል። በዚያ ማክሰኞ ረፋድ ግን አቶ ዳባ ለቀልድ የሚሆን ልብ አልነበራቸውም። አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸውና መሰለፍ ድሮም አይወዱም፤ ያን ዕለት ደግሞ ከአንድ ሕክምና ቤት ተቆጥተው ወጥተው መምጣታቸው ነበር።

«አባባ ዳባ! እንዴት አደሩ?»

ዞር ሲሉ ሜቲ ናት፤ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ጉዲቱ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ላቦራቶሪ የምትሠራው።

«ምን አድራለሁ ልጄ፣ ደሜን ሊቀዱ ነበር። አመለጥኳቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአቶ ዳባ ልጅ ኢፍቱና ባሏ ሞቲ ከሁለት ዓመት በፊት የበኩር ልጃቸውን ቀብረዋል። ሕፃኑ አንገቱን ማቅናት፣ እግሩን ማንሳት ሳይችል፣ ትንፋሹ እየደከመ ሄዶ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ሐኪሞቹም ጡንቻን የሚያዝል፣ በዘር የሚወረስ በሽታ ነው አሉ። አሁን ባልና ሚስቱ ሌላ ልጅ ሊወልዱ ቆርጠዋል። በዚህኛው ግን ሽሉ መጀመሪያ ከማኅፀን ውጭ ይፀነሳል፤ ከበሽታው ነጻ መሆኑ ሲታወቅ ነው እናቱ ማኅፀን የሚገባው። ለምርመራው የአያቶች ደም ያስፈልጋል። የሞቲ እናት ሰጥተዋል። የኢፍቱ እናት ወይዘሮ ዋጋነሽ ግን በሕይወት የሉም፤ የቀሩት አባቷ ናቸው። እሳቸው ደግሞ «የኔ ዘር አይመረመርም!» ብለው ልጃቸውን ኮሪደር ላይ ጥለዋት ወጡ።

ይህ ኩራት ያለ ምክንያት አልመጣም። የቀራንዮ ሰው ልጁን ሲድር መጀመሪያ የሚያማክረው አቶ ዳባን ነበር። የሙሽራውንና የሙሽሪትን አባቶች ሰባት ቤት ድረስ ቆጥረው፣ ዝምድና ካለ «ይቅር»፣ ከሌለ «ይሁን» የሚሉት እሳቸው ናቸው። የኢፍቱንና የሞቲንም ራሳቸው ቆጥረዋል። ሕፃኑ በሞተ ጊዜ ታዲያ፣ ከለቀስተኛው መሃል አንዱ «ሽማግሌው አንድ ቤት ዘለው ይሆን?» ሲል ሰሙት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ቆጥረው አያውቁም።

«አየሽ ሜቲ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። ይህን ደም ብሰጥ በሽታው ከዳባ ቤት ወጣ ሊባል ነው። ደግሞስ እግዜር የሚሰጠውን ልጅ እንደ ቲማቲም እያገላበጡ መምረጥ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?»

«አንድ ነገር ብጠይቅዎት አይቆጡኝም?»

«ቁጣዬን እዚያው ጨርሼ ነው የመጣሁት። ጠይቂ።»

«ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ለምንድን ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው! ደም ሳይራራቅ የተጋባ እንደሆነ ጦሱ ለልጅ ይተርፋላ!»

«ታዲያ እሱንስ ለምን ለእግዜር አይተውለትም?»

ከኋላቸው የቆመች ሴትዮ ሳቅ አመለጣት፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ምስጢር የሚባል ነገር የለም።

«ምላስሽስ የእናትሽ ነው፣» አሉ አቶ ዳባ፤ እሳቸውም ሳቁ።

«እርስዎ ከጋብቻ በፊት የሚጠነቀቁትን ሐኪሞቹ ከእርግዝና በፊት ይጠነቀቃሉ፤ ሌላ አይደለም። አባቶችስ ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ?»

«ተጠንቅቄ ነበር እኮ!» አሉ በድንገት፤ ሳቃቸው ጠፋ። «ሰባቱንም ቆጥሬያለሁ። ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ ደጋገምኩት። አንድ የዘለልኩት ቤት ካለ፣ ያንን ሕፃን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሜቲ ያን ጊዜ ገባት። ሽማግሌው ከሕክምና ቤት የሸሹት መርፌ ፈርተው አልነበረም፤ ፍርድ ፈርተው ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ምርመራን የሚሸሸው እንዲህ ነው፤ ውጤቱን እንደ ወንጀል ማስረጃ ያየዋል።

«አልዘለሉም፣ አባባ። ይስሙኝ። የምንወርሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አምፖል አለ እንበል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ያበራል፤ ቤቱ አይጨልምም።»

«መብራት ካልጠፋ።»

«መብራት ካልጠፋ! ኢፍቱ አንድ የተቃጠለ አላት፤ ሞቲም አንድ። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ልጃቸው ከሁለቱም የተቃጠለውን ከወረሰ ግን ይታመማል። በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ነው። ዝምድና ዕድሉን ስለሚያሰፋው መቁጠርዎ ይጠቅማል። ነገር ግን ፈጽሞ የማይዛመዱ ሰዎችም፣ ሰባት ቀርቶ ሰባ ቤት ቢቆጠር፣ ሊገጥማቸው ይችላል። ቆጠራዎ ስህተት አልነበረበትም።»

ሰልፉ ተንቀሳቅሶ አቶ ዳባ ስላልተንቀሳቀሱ «አባት፣ ይጠጉ እንጂ!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

«የኔ ደም ታዲያ ምን ይፈይዳል?»

«የተቃጠለው ወደ ኢፍቱ የመጣው ከእርስዎ ይሁን ከእናቷ ለመለየት ነው። ያ ሲታወቅ ሽሉ የትኛውን እንደወረሰ መከታተል ይቻላል።»

«እኔ ጋ ካልተገኘ ከዋጋነሽ ነው ማለት ነው።»

«አዎ፣ አባባ።»

«እሷ ደግሞ የለችም፤ ለራሷ አትናገርም። እኔ ላይ ይገኝ። ስሟን ማንም በክፉ አያነሳውም።»

«ማንም ወዶ አልወረሰውም። ለማንም ጥፋት አይሆንም።»

«በሽታው ያለበት ሽልስ ምን ይሆናል?»

«ማኅፀን ውስጥ አይገባም። ቀላል ነው አልልዎትም፤ ኢፍቱና ሞቲም አልቅሰውበት ነው የወሰኑት። ምርመራውም ሊሳሳት ስለሚችል በእርግዝናው ወቅት ደግሞ ይታያል። ግን ኢፍቱ ሌላ ልጅ እቅፏ ውስጥ ትንፋሽ ሲያጥረው ማየት አትፈልግም፤ እርስዎም አይፈልጉም።»

አቶ ዳባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎም ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ወንድ ይሁን ማለትስ ይቻላል?»

«አባባ!»

«ለማወቅ ያህል ነው!»

«ይኼ ከበሽታ መከላከያ ነው እንጂ፣ ወንድ ሴት መምረጫ አይደለም።»

በዚህ መሃል ተራቸው ደርሶ ወያላው የታክሲውን በር ከፈተላቸው። አቶ ዳባ ግን ለሳቀችው ሴትዮ ቦታቸውን ለቀቁላት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣» አሏት፤ ሴትዮዋ ምን እንደሆኑ እንኳ ሳትጠይቅ ዘላ ገባች። እሳቸውም ከሜቲ ጋር ወደ ሕክምና ቤቱ ተመለሱ። ኢፍቱ ጥለዋት በሄዱበት አግዳሚ ወንበር ላይ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣ ነበር። አባቷ ምንም ሳይሏት እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን ለነርሷ ሰጡ።

ምርመራው ወራት ፈጀ። አራት ሽሎች አምስት ቀን ካደጉ በኋላ ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ሕዋስ ተወስዶ ውጭ አገር ተላከ፤ ሽሎቹም እዚሁ በቅዝቃዜ ተጠብቀው ቆዩ። ከአራቱ አንዱ በሽታው ነበረበት። ከሦስቱ አንዱ ማኅፀን ገባ፣ ያዘም። የተቃጠለውን አምፖል ለኢፍቱ ያወረሱት ራሳቸው አቶ ዳባ ሆነው ተገኙ። እንከን ተገኘብህ ተብሎ እንደ እሳቸው ደስ ያለው ሰው ቀራንዮ አይቶ አያውቅም። ለዕድር ሰው ሁሉ ራሳቸው ተናገሩ፤ ያን ጊዜ ሐሜተኛው የሚያማው አጣ። ልጅ ሊድሩ ለሚመጡትም እንደገና መቁጠር ጀመሩ፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ግን «እኔ የማየው እስከዚህ ነው። በቤታችሁ እንዲህ ያለ በሽታ ከነበረ፣ ሳትደብቁ ሐኪም አማክሩ። ከለቅሶ በፊት ማወቅ ከለቅሶ በኋላ ከማወቅ ይሻላል፤ እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ» ይሏቸዋል።

ርሆቦት የተባለችው የልጅ ልጃቸው አራተኛ ወሯን በያዘች ሰሞን፣ አቶ ዳባ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ሲያጫውቷት በሁለት እግሯ ደረታቸውን መታቻቸው፤ መነጽራቸው ወለል ላይ ወደቀ።

«ኢፍቱ! ነይ እዪ፣ ረገጠችኝ!» እያሉ ጮኹ፤ እንባቸው በሳቃቸው መሃል ይወርዳል።

«አዲስ ነገር ነው እንዴ፣ አባዬ? እኔን ሆዴ ውስጥ ሆና ስትረግጠኝ አልነበር?» አለች ኢፍቱ ከጓዳ።

አቶ ዳባ መነጽሩን ለማንሳት እንኳ አላሰቡም፤ ደግማ እንድትረግጣቸው ደረታቸውን አስጠጉላት።