የቀርጤሷ መርከብ ሳትነሳ

(ቬኒስያውያን ቆጵሮስን በሚገዙበት ዘመን፣ የኦቶማን ጦር ኒቆስያን በያዘ ሰሞን፤ በፋማጉስታ ወደብ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ያኮሚስና ሴት ልጁ ማሩላ ጀልባው አጠገብ ቆመው ይከራከራሉ።)

ማሩላ፦ አሁንም መረብ ይጠግናሉ? የቀርጤሷ መርከብ ሸራዋን እየዘረጋች እኮ ነው! ለእኔ ባይሆን ለልጅ ልጅዎ ለፍሎሩ ሲሉ ጀልባዋን ይግፏት!

ያኮሚስ፦ አልገፋም። አያቶቼ ጌታ በተለወጠ ቁጥር ባሕር ቢገቡ ኖሮ፣ እኔ የዓሣ ቅርፊት አውጥቼ በተወለድኩ ነበር።

ማሩላ፦ ቀልዱን ይተዉት፣ አባባ።

ያኮሚስ፦ ምን ቀልድ አለው? የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ገዛን። የእንግሊዙ መጥቶ ነጠቀው፤ የፈረንሳይ መሳፍንት ተረከቡን። ጄኖቫ ይችን ከተማ ቀማች። ቬኒስ ደግሞ ይኸው የራሳችንን ጨው መልሳ ለእኛው ትሸጣለች። ሁሉም «ለዘላለም» ብለው ገቡ፣ ሁሉም ሄዱ። ጎርፍ ያልፋል፣ ድንጋይ ይቀራል።

ማሩላ፦ ድንጋዩስ ይቅር። ዳር የበቀለውስ?

ያኮሚስ፦ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋላ!

ማሩላ፦ ከኒቆስያ ያመለጠ ሰው አግኝቻለሁ።

ያኮሚስ፦ የሸሸ ሰው ወሬ ያበዛል።

ማሩላ፦ እሱ እንኳን ቃል አልወጣውም። የአክስቴን ልጆች በየስማቸው እየጠራሁ «በሕይወት አሉ?» አልኩት። በእያንዳንዱ ስም ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ያኮሚስ፦ ... ትንሿንም?

ማሩላ፦ ትንሿንም።

ያኮሚስ፦ እግዚኦ! ... ባልሽ ምን ይላል? ሎይዞስ ቅጥሩ ላይ የሚውል ወታደር ነው፣ የሚመጣውን ያያል።

ማሩላ፦ ከቅጥሩ ውጭ ያሉት የብርቱካን ዛፎች ተኩስ እንዳይጋርዱ ይቆረጡ ተብሎ፣ ከጠዋት ጀምሮ በገዛ እጁ የተከላቸውን እየጣለ ነው። ላቡን እንድጠርግለት እንኳ ቀና አላለም።

ያኮሚስ፦ እሱን ከእኛ ጋር እንዲሄድ ይለቁታል?

ማሩላ፦ ቅጥሩን ለቆ የተገኘ ወታደር ይሰቀላል።

ያኮሚስ፦ በይ እንግዲህ፣ በቃኝ፤ ረታሽኝ። ልጅቷን ጥሪያት። እሷ መሃል ትቀመጥ፣ እኔና አንቺ እንቀዝፋለን።

ማሩላ፦ ባሕሩ የረጋ ነው። እስከ መርከቧ ብቻዎን መቅዘፍ አያቅትዎትም።

ያኮሚስ፦ ብቻዬን? አንቺ እያለሽ?

ማሩላ፦ የፍሎሩን ልብስ ጠቅልዬ ጀልባዋ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ አባባ። የእኔን አልጠቀለልኩም።