በአባታቸው ስም የተሸኙት የአቶ ሮበሌ በንቲ ዜና ሕይወት

ብዙዎቻችሁ መዝገቡ እንግዳ ብላችሁ የምታውቋቸው፣ ዛሬ ግን በወላጅ አባታቸው ስም የምንሸኛቸው አቶ ሮበሌ በንቲ፣ ከአባታቸው ከአቶ በንቲ ዳባና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቄ ጉርሜሳ በ1915 ዓ.ም. መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ያን ጊዜ የጤፍና የሽምብራ ማሳ በነበረው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስላረፉባቸው፣ የመሬቱ ጌታና የክርስትና አባታቸው የነበሩት የቡልጋው ተወላጅ ባላምባራስ እንግዳ እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው፤ ትምህርት ቤት ሲያስገቧቸውም፣ የኦሮሞ ስም የያዘ ልጅ ከፍ ያለ ቦታ አይደርስም ይባል በነበረበት በዚያ ዘመን እንደ ልማዱ፣ ስማቸውን መዝገቡ ብለው አባትነቱንም ለራሳቸው አድርገው አስመዘገቧቸው።

አቶ ሮበሌ ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ ንፋስ ስልክ ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ በመካኒክነት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው አገለገሉ፤ የታመመ ሞተር በጆሯቸው አዳምጠው በሽታውን የሚናገሩ፣ ሥራ ሲበላሽም አፋቸው የማይቻል ሰው ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ወርቄ አዲሱን ስም መጥራት አልሆንላቸው ብሎ፣ አንድ ቀን ምሳ ይዘው ከፋብሪካው በር ደርሰው ሮበሌን ጥሩልኝ ቢሉ፣ ዘበኛው እንዲህ የሚባል ሠራተኛ የለም ብሎ መለሳቸው። እሳቸው ይህን ከጎረቤት የሰሙት እናታቸው ካረፉ በኋላ ስለነበር፣ ጸጸቱ ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም።

በ1945 ዓ.ም. ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ጋር ሲጋቡ፣ ተጋቢዎች የሥጋ ዘመድ እንዳይሆኑ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት ጊዜ የባላምባራስን አባቶች እንደ ራሳቸው አድርገው ቆጠሩ፤ እውነተኛ ትውልዳቸውን ከባለቤታቸውም እንደሰወሩ፣ አረጋሽን፣ ሙሉሰውንና ዘነቡን ወልደው አሳደጉ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ የባላባት ስም መሸከም ሲያስፈራ፣ የቀድሞ ስሙን ፈልጎ ያወጣ ሰው ብዙ ነበር። እሳቸው ግን ያሳደጓቸውን ሰው በክፉ ቀን መካድ ነውር ሆኖባቸው፣ በቀበሌ ሲጠየቁ እንኳ መዝገቡ እንግዳ ነኝ እንዳሉ ቀሩ።

ያንን ዝምታ የሰበረው የልጃቸው ጋብቻ ነው። በ1971 ዓ.ም. አረጋሽና የለቡው ተወላጅ ማሞ ተዋደው፣ ሽማግሌ ተልኮ ሰባት ቤት ሲቆጠር፣ የማሞ አያት የአባቶቻቸውን ስም እየጠሩ ቱፋ ላይ ሲደርሱ አቶ ሮበሌ ደነገጡ፤ ቱፋ፣ እናታቸው በልጅነታቸው እንዳስቆጠሯቸው፣ የራሳቸውም አያት አባት ነበሩና። ዝም ቢሉ የባላምባራስ እንግዳ ልጅ ተብለው ይታወቃሉና ማንም የሚጠረጥር አልነበረም፤ ቢናገሩ ደግሞ የልጃቸው ሠርግ ይፈርሳል፣ የሚስታቸውም ዘመዶች እስከዛሬ አታሎናል ይላሉ። ድንኳኑ ሳይቀር ታዝዞ ነበር። እሳቸው ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሮበሌ፣ በንቲ፣ ዳባ፣ ቱፋ ብለው ቆጠሩ።

ሠርጉ ቀረ። አረጋሽ ለብዙ ጊዜ አባቷን አላናገረችም፤ ማንስ ይፈርድባታል? ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቢከፋቸውም ዘመዶቻቸውን ገሥጸው ትዳራቸውን አጸኑ፤ ከዚያም ወዲህ ደስ ሲላቸው ሮበሌ፣ ሲቆጡ መዝገቡ እያሉ ሁለቱንም ስም በሥራ ላይ አዋሉ። ማሞ ግን እኔም አጎቴን ሳላውቅ ኖሬ ብሎ፣ ለጋብቻ የመጣበትን ቤት በዝምድና ይመላለስበት ጀመር፤ አረጋሽም ጎፋ ትዳር ይዛ የራሷን ልጅ ስትታቀፍ የአባቷ ነገር ገባትና መጥታ ታረቀቻቸው።

አቶ ሮበሌ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በ1980 ዓ.ም. በስድሳ አምስት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተናኘወርቅን፣ ልጆቻቸውን አረጋሽን፣ ሙሉሰውንና ዘነቡን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም አማች ሊሆን መጥቶ ዘመድ የሆናቸውን፣ በሕመማቸውም ከአልጋቸው አጠገብ ያልተለየውን ማሞን ትተውልን አልፈዋል። በመስቀላቸው ላይ ሮበሌ በንቲ ተብሎ እንዲጻፍ የጠየቀችው፣ ያ ስም ሠርጓን ያስቀረባት ልጃቸው አረጋሽ ናት።

የሰውን ሁሉ አባት በየስሙ የሚያውቅ አምላክ፣ የአባታችንን ነፍስ ከአባቶቻቸው ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።