ጋሽ ውሃልክና የካርቶኑ ወንበር

ሰው በሰው ሀብት ይቀናል፤ በሹመት፣ በመልክ፣ በጎረቤት አጥር የሚቀናም አይጠፋም። በካርቶን የቀና ሰው ግን ከጋሽ ውሃልክ በፊት ተሰምቶ አይታወቅም።

ጋሽ ውሃልክ አናጺ ናቸው። ይህ ስም የወጣላቸው ዘንበል ያለ ነገር አይተው ማለፍ ስለማይችሉ ነው። የታመመ ሊጠይቁ ገብተው እንኳ ግድግዳው ላይ የተንጋደደ ፎቶግራፍ ካዩ፣ «እግዜር ይማርህ» ከማለታቸው በፊት ፎቶውን ያቃናሉ። በሥራ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች በረድፍ ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዱ ዘንግ የአንድ ደንበኛ ነው፤ የጭኑ ርዝመት፣ የክርኑ ከፍታ፣ የጀርባው ቁመት በእርሳስ ተጭሮበታል። የዳኛው አለ፣ የፀጉር አስተካካዩ አለ፣ ወገቧን የሚያማት የልብስ ሰፊዋም አለ። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ ለሠራተኞቻቸው። ሕግ አውጪውም ሕጉን የሚጥስበት ቀን እንዳለ ግን ኋላ ላይ እናያለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት ወረደ። አንዲት ወጣት ካፖርቷን አውልቃ የሆነ ዕቃ ጠቅልላበት፣ እሷ ውሃ ሆና ዕቃው ሳይነካ፣ እየሮጠች ከሥራ ቤታቸው በር ደረሰች።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ። እስኪያባራ ልጠለል?»

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ጣራው እንደሆነ አንቺን ቢጨምር አይከብደው።»

ዕቃውን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ካፖርቱን ገለጠች። ትንሽ ወንበር ነበር። ካርቶን በካርቶን ላይ በዱቄት ሙጫ ተደራርቦ የተሠራ ሲሆን፣ በጎኑ የሳሙና ማስታወቂያ ተገልብጦ ይነበባል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ወንበር ነው፣ አባባ።»

«ወንበር!» ጋሽ ውሃልክ ሳቁ። «ልጄ፣ ወንበሮች ይህን ቢሰሙ በስም ማጥፋት ይከሱሻል።»

ወጣቷም አብራ ሳቀች። ፊዚዮቴራፒስት ነበረች፤ ሰውነታቸው አልታዘዝ ያላቸውን ልጆች እየዞረች እንቅስቃሴ የምታለማምድ። «ለአንዲት ልጅ የሠራሁት ነው» አለች። «ጨቅላ ሳለች አንጎሏ ተጎድቷል። ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። ጡንቻዋ አንዳንዴ ይገተራል፣ አንዳንዴ ይልፈሰፈሳል፤ ወገቧ ራሱን አይሸከምም። አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። ጥርሷን አይተው ቤተሰቦቿ ፍንጭት ነው የሚሏት።»

የጋሽ ውሃልክ እጅ መላጊያው ላይ ቀጥ አለ። ፍንጭት የልጃቸው ልጅ ናት።

ደግ ሰው እዚያው «አያቷ ነኝ» ባለ ነበር። ጋሽ ውሃልክ ደግ ሰው ናቸው፤ በዚያች ደቂቃ ግን ቅናት ቀደማቸው። «ወንበር የላትም እንዴ ልጅቷ?» አሉ፣ መላጊያውን አተኩረው እያዩ።

«አላት እንጂ! አያቷ የሠሩላት፣ ዙፋን የመሰለ። ስትቀመጥበት ግን ታለቅሳለች።»

«ሠሪው ሞኝ ነው በይኛ!»

«ኧረ በፍጹም! እጃቸው ወርቅ ነው። ክንድ ማሳረፊያው ላይ ያለውን ቅርጽ ቢያዩት ይገረማሉ። ግን አባባ፣ ወንበሩን እንጂ ልጅቷን ያዩዋት አይመስለኝም።»

ይህች ቃል ጋሽ ውሃልክ ላይ እንደ ስንጥር ተሰካች። አርባ ዓመት ሙሉ «ጎበዝ» ሲባሉ ኖረው፣ በራሳቸው ጣራ ሥር፣ በሳሙና ካርቶን ተበለጡ። ወጣቷ ፀጉሯን ስትጨምቅ ፊቷን አዙራ ስለነበር፣ ወንበሩን በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። ቢሰበር ደስ ባላቸው። አልተሰበረም፤ ንቅንቅ እንኳ አላለም።

ዝናቡ ሲያባራ «አምጪው፣ እኔ ልያዝልሽ» አሉና ባላንጣቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ተከተሏት።

«በቃ፣ ቤቱ ይሄ ነው፤ አመሰግናለሁ አባባ» አለች ከአንድ አረንጓዴ በር ፊት ቆማ።

«አውቀዋለሁ። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

የወጣቷ ፊት ምን እንደመሰለ መናገር አያስፈልግም። አፏን ስትከፍት በሩም ተከፈተና የጋሽ ውሃልክ ልጅ ብቅ አለች። አባቷን አየች፣ ትከሻቸው ላይ ያለውን አየች፣ ግራ ገባት። «አባዬ… ልነግርህ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ደብቀሽኝ ነበር ነው የሚባለው» አሉና ገቡ።

ፍንጭት መስኮቱ ሥር በትራስ ተደግፋ፣ ጀርባዋ ጎብጦ፣ እግሮቿ እንደ መቀስ ተጠላልፈው ተጋድማለች። ጋሽ ውሃልክ እንደ ልማዳቸው ከኋላዋ መጡና ሁለት እጃቸውን ጧ! አድርገው አጨበጨቡ። «የኔ ንግሥት!»

ልጅቷ በርግጋ ተገተረች። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ሄደ፣ እጆቿ ተጨበጡ፣ ማልቀስ ጀመረች።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ውሃልክ። «እኔን ባየች ቁጥር ይኸው ነው። ትጠላኛለች።»

ወጣቷ ከልጅቷ ፊት ተንበረከከች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገረቻት፣ መዳፏን የልጅቷ ጉልበት ላይ ጠበቅ አድርጋ አሳረፈች። እስክትረጋጋ ቆይታ አንሥታ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠቻት። የፍንጭት አንገት ትንሽ ዋለለና ቀና አለ። ከፊቷ በነበረው የካርቶን ገበታ ላይ እናቷ ቀይ ኩባያ አስቀመጠችላት። ትንሿ እጅ ቀስ ብላ ተከፈተች፤ ወዲያና ወዲህ እየተንገዳገደች ሄዳ ኩባያውን ነካች። ፍንጭት ሳቀች። የፊት ጥርሶቿ ታዩ።

እናቲቱ አለቀሰች። ጋሽ ውሃልክስ? ደስ ሊላቸው ሲገባ ዓይናቸው ደም ለበሰ። ያ ሳቅ ለእሳቸው አልነበረማ!

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ። «ፂሜ እስኪሸብት ወንበር ስሠራ የኖርኩትን ሰውዬ፣ ይሄ የሳሙና ሣጥን ምን ቢኖረው ነው የሚበልጠኝ?»

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዓይንዎን ታስረው ገደል አፋፍ ላይ በገመድ ቢንጠለጠሉ እጅዎ ምን ይሠራል?»

«ገመዱን ሙጭጭ ነዋ! ሌላ ምን ይሠራል?»

«የፍንጭትም እጅ ይኸው ነው። ሰውነቷ የት እንዳለ በደንብ አይነግራትም። እግሯ አየር ላይ ሲንጠለጠል የምትወድቅ ይመስላታል፤ ያኔ መላ አካሏ ይገተራል። አሁን ግን እግሯ ረግጧል፣ ዳሌዋ እስከ ጀርባው ገብቷል፣ በጭኖቿ መካከል ያለችው ካርቶን እግሯ እንዳይጠላለፍ ይዛላታለች። ሥር ሲጸና ነው እጅ ነፃ የሚወጣው።»

ጋሽ ውሃልክ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ጠረጴዛ እግሩ ካልጸና ላዩ እንደማይረጋ ስንቱን አስተምረዋል። ቢሆንም የቀና ሰው እያወቀም ይከራከራል።

«ተኝታ ስትበላ ምን ጎደለባት? በእናቷ ክንድ ተንጋላ ነው ያደገችው። ፍቅር ማለት ያ ነው።»

«ፍቅርስ ነው። እስቲ ግን አባባ፣ ጣራ ጣራውን እያዩ አንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጡ።»

«ምን ችግር አለው!» ኩባያ ተቀበሉ፣ አንጋጠጡ፣ ጎረሱ። ትን አላቸው። ልጃቸው ጀርባቸውን እስክትመታቸው ድረስ ሳሉ።

«ፍንጭት በቀን ሦስቴ እንዲህ ትሆናለች» አለች ወጣቷ፣ ሳቋን በግድ ውጣ። «ቀና ብላ፣ አገጯን በትንሹ ዝቅ አድርጋ ስትበላ ይቀንስላታል።»

«ሰውስ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የአናጺ የልጅ ልጅ በሳሙና ካርቶን ስትቀመጥ ሰው ምን ይላል?»

«አባዬ» አለች ልጃቸው፣ «እስከ ዛሬ ሰው ምን ሊላት ቀርቶ መኖሯንም አያውቅም። ሰኞ መዋዕለ ሕፃናቱ ሊያያት ነው። መቀመጥ ከቻለች እንቀበላታለን ብለውናል።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። በስንቱ ቤት ነው ልጅ ለይሉኝታ ሲባል ጓዳ የቀረችው? በሽታው እርግማን አይደለም፣ አይተላለፍም፣ የማንም ኃጢአት አይደለም። የሚከፋው ግን መደበቁ ነው፤ ያልተንቀሳቀሰ መጋጠሚያ ይተሳሰራል፣ ያልተነገረው ጆሮ ቃል አይማርም።

ጋሽ ውሃልክ የመጨረሻ ጥይታቸውን ተኮሱ። «እሺ፤ የኔው ላይ አስቀምጪያትና ልይ።»

ዙፋኑ መጣ። በእርግጥም ያምራል፤ ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። ፍንጭትን አስቀመጧት። እግሯ ተንጠለጠለ፣ ዳሌዋ በሚያንሸራትተው ቫርኒሽ ላይ ወደ ፊት ሸሸ፣ ጀርባዋ ጎበጠ፤ ከወንበሩ ላይ ጠብ ሳትል እናቷ ቀለበቻት።

«ከጀርባዋ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ ካለው ልክ መቀመጫው ሁለት ጣት ያህል ማጠር አለበት» አለች ወጣቷ። «ይሄ ግን በአራት ጣት ይበልጣታል። አንድ ሳንቲ የማይስት እጅ አራት ጣት እንዴት ይስታል? አባባ፣ ይሄ የማን መጠን ነው?»

ጋሽ ውሃልክ የወንበሩን ቅርጽ በአውራ ጣታቸው ማሻሸት ጀመሩ።

«ንገራት እንጂ አባዬ» አለች ልጃቸው። «ዘንጉን ግድግዳህ ላይ አይቼዋለሁ። የጎረቤታችን የፋርማሲስቷ ልጅ ነው የተለካው።»

ሽማግሌው ራሳቸው በሠሩት ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር።

«የሷን ልለካ መጥቼ ነበር። ተኝታ ነበር፣ ዘንጉን አጠገቧ አጋደምኩት። የጎበጠ ጀርባ፣ የተጠላለፈ እግር… ይህን በእርሳስ ልጻፍ? ከጻፍኩት እውነት ሊሆን ነው። ስወጣ የፋርማሲስቷ ልጅ፣ እኩያዋ፣ በሩ ላይ በአንድ እግሩ ይዘላል። ቀናሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሕፃን ልጅ ቀናሁ። ጠራሁትና ለካሁት። ፍንጭት ስትድን ይበቃታል ብዬ፣ ለምትድነዋ ልጅ ሠራሁት።»

ወጣቷ ቀስ ብላ «አባባ» አለች፣ «የምትድነዋ እስክትመጣ፣ ያለችዋ ልጅ የት ትቀመጥ?»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለካ ለሸበተም ነው። ጋሽ ውሃልክ «ይሁን፣ ወንበሩስ ይሠራል» አሉ። «እኔን መጥላቷን ግን በምን ላቃናው?»

«አትጠላዎትም። ድንገተኛ ድምፅ ሰውነቷን ያስበረግገዋል፤ የሚገተረው ጡንቻዋ እንጂ ልቧ አይደለም። ከፊቷ ይምጡ፣ ዝቅ ይበሉ፣ በለሆሳስ ይናገሩ። ከዚያ ይጠብቁ። ነገሩ ደርሷት መልሷ እስኪመጣ ጊዜ ይፈጃል። እስከ አሥር ይቁጠሩ።»

ፍንጭትን ካርቶኑ ላይ መልሰው አስቀመጧት። ጋሽ ውሃልክ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ከፊቷ በርከክ አሉ። «ፍንጭቴ፣ እኔ ነኝ፣ አያትሽ» አሉ በሹክሹክታ፤ መዳፋቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ። ቆጠሩ። አራት ላይ ፊቷን አዞረችባቸው። ሊነሡ ሲሉ ወጣቷ ትከሻቸውን ያዘች። «ይታገሱ፤ ዓይኗ በጥጉ ነው ደህና የሚያይላት። እያየችዎት ነው።» ስድስት። ሰባት። ስምንት ላይ ትንሿ እጅ ተነሣች፣ ተንገዳገደች፣ ፂማቸውን አልፋ ሄደችና ከጆሯቸው ላይ ሁሌ የሚሰኩትን እርሳስ ላጥ አደረገችው። ከዚያም ለአያቷ ሳቀችላቸው።

ጋሽ ውሃልክ ምንም ሳያፍሩ አለቀሱ። ሲያበቁ «በይ እርሳሴን መልሺ» አሏት፣ «ልለካሽ ነው።»

ሰኞ ፍንጭት በካርቶኗ ተቀምጣ ታየች፤ መዋዕለ ሕፃናቱም ተቀበላት። የእንጨቱ ወንበር በሁለት ሳምንት ደረሰ። ቫርኒሽ የለውም፤ ዓይኗን እንዳያንጸባርቅባት፣ እንዳያንሸራትታትም። የእግሩ መርገጫ ስታድግ ዝቅ ይላል። ፍንጭት ትን ሳይላት የምትበላበት ቀን በዛ፣ ቀይና ሰማያዊ መለየት ቻለች፤ መምህሯም ከፊቷ መጥቶ መጠበቅን ለክፍሉ ሁሉ አስተማረች። ቀኑን ሙሉ እንዳትቀመጥም እናቷ በየመሃሉ በደረቷ ታስተኛታለች፣ ደግፋ ታቆማታለች። አልዳነችም፤ ወንበር አይፈውስም። ኑሮ ግን ከትራሱ ወርዶ ገበታዋ ላይ ደረሰ። የካርቶኑ ወንበር ለሌላ ሕፃን ተላለፈ፤ ጋሽ ውሃልክም ያለማንም ጥያቄ ጠርዙን በመላጊያ አቃንተው ነው የሰጡት። ቅናት ባንዴ አይለቅማ!

ስድስት ወር አልፎ ጋሽ ውሃልክ ዘንጉን ይዘው መጡ። ከዳኛውና ከልብስ ሰፊዋ መካከል የሚሰቀለው፣ የፍንጭት የተባለው ዘንግ ነው። በጭኗ ልክ አስጠጉት፣ አዲስ ጭረት ጫሩ፣ ከአሮጌው ጋር አስተያዩት። አንድ ጣት ሙሉ በልጦ ነበር። ስታድግ ኖራለች፤ የለካት ሰው አልነበረም እንጂ።

እጃቸው ለማጨብጨብ ተነሣ፣ አየር ላይ ቆመ። ዞረው ከፊቷ መጡ፣ በርከክ አሉ፣ መዳፋቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ። «አደግሽ እኮ» አሏት በሹክሹክታ፤ ከዚያም መቁጠር ጀመሩ።