በፔርሙዝ የመጣው በረዶ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አይስክሬም የሚባለውን ነገር እዚህ ቆላ ከተማችን ሲቀላ ውስጥ የቀመሰው ጥቂት ሰው ነው። እናንተ አሁን እየላሳችሁ ትስቃላችሁ፤ ላሱ፣ ላሱ፣ ማን ከለከላችሁ! ግን ስሙኝ፤ እኔ እሱን ሳይ ብርቄ ናት ትዝ የምትለኝ። ሚስቴን ነው የምላችሁ፣ አያታችሁን፤ እናንተ አልደረሳችሁባትም።

ብርቄ የኦቾሎ ልጅ ናት። ኦቾሎ ደጋ ነው፣ በረዶ ይጥላል። ታዲያ ልጅ ሆና አንድ ቀን በረዶ ወረደና ገብሱን አጋደመው፣ ድምጥማጡን አጠፋው፣ እና ትልልቆቹ ደጅ ቆመው ያለቅሳሉ። እሷ ደግሞ ልጅ አይደለች? በረዶውን በእንሰት ቅጠል አፈሰች፣ ማር ጠብ አደረገችበት፣ እና ትበላለች። አባቷ መጣ። "አንቺ!" አላት፣ "እህላችንን የበላውን አንቺ ትበያለሽ?" ብሎ ቅጠሉን ከእጇ መትቶ ጣለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ገብሱ ነው ያናገረው። ግን ያቺ ቃል ልቧ ውስጥ ቀረች። ከዚያ ወዲያ በረዶ ሲጥል ቤት ትገባለች እንጂ አትነካም። ተጋብተን ሲቀላ ወርደን፣ እኔ ስሸምን እሷ ጥጥ ስትፈትል፣ ይቺን ነገር ስንቴ አጫውታኛለች፣ ስንቴ! እየሳቀች ትጀምርና ስትጨርስ አትስቅም።

ታዲያ ደርግ በወረደ በጥቂት ዓመቱ ጉሮሮዋን ታመመች። ሆስፒታል ተኛች፣ እና መዋጥ አቃታት፤ ውሃ እንኳ እንቢ አላት። ሐኪሙ ወደ ደጅ ጠራኝና "አባት፣ ያማራትን ስጧት" አለኝ። እንዲህ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔም አወቅኩት። 

ገባሁና "ብርቄ፣ ምን አማረሽ?" ብላት "በረዶ" አለች።

"ምን?"

"በረዶ፣ በማር።"

በዚያ ሙቀት! ሲቀላ ላይ በረዶ ከየት ይመጣል? አእምሮዋን ሳተች ብዬ እያለቀስኩ ቤቴ ሄድኩ።

እኛ ቤት የተከራየ ተማሪ ነበር፣ የወሎ ልጅ፣ የውሃ ትምህርት የሚማር፤ ወሬ ይወዳል፣ አቤት ሲወድ! ብነግረው እንዲህ እጁን እያወናጨፈ "ጋሼ፣ ምን ያስለቅስዎታል? በረዶ በማር እኮ የነገሥታት ምግብ ነው!" አለኝ። "ድሮ ፋርስ አገር በረዶውን ከተራራ አውርደው ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ በጋ ሲሆን አውጥተው በጣፋጭ ይበሉታል። ቻይናም እንደዚሁ። ኋላ በረዶ ላይ ጨው ሲጨምሩበት ብርዱ እንደሚብስ ደረሱበት፣ ጣሊያኖቹ ወተቱን አመጡ፣ ፈረንጅ መኪና ሠራለት፣ እና ይኸው አይስክሬም ሆኖ ሲቀላ ገባ!"

"ታዲያ እነዚያን ነገሥታት" አልኩት፣ "እህላችንን የበላውን ትበላላችሁ ብሎ የተቆጣቸው የለም?" ብድግ ብሎ ፔርሙዙን አመጣና "በዚህ አይስክሬም ያምጡላት" ብሎ ሰጠኝ። 

አይስክሬም የሚሠራ አንድ ቡና ቤት ነበር፣ ሄድኩ። ባለቤቷ "መብራት ጠፍቷል፣ ነገ ይምጡ" አለችኝ። ነገ! ሐኪሙ ያንን ከነገረኝ በኋላ የምን ነገ? እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ አልነሳም አልኩ፣ እና ከሰዓት በኋላ ተመስገን መብራት መጣ። መያዣው ተማሪው የሰጠኝ ፔርሙዝ ነው። "ይሄ የትኩስ አይደለም እንዴ? ያቀልጥብኛል" ስለው "ፔርሙዝ ትኩስና ቀዝቃዛ አይለይም ጋሼ፣ የሰጡትን ይጠብቃል" ብሎኝ ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ አማቴ፣ የብርቄ እናት፣ ከኦቾሎ ወርደው ራስጌዋ ተቀምጠዋል። ፔርሙዙን አዩ። "አጥሚት አመጣህ? ጎበዝ" ብለው ከእጄ ተቀብለው ከፈቱት፣ በማንኪያ ጨለፉ፣ ቢያዩት ይጨሳል! ብርዱ ነው የሚጨሰው፣ እሳቸው ምን ያውቃሉ? "ኡፍፍ... ኡፍፍ..." ይሉበታል።

"እማማ፣ ቀዝቃዛ ነው።"

"በፔርሙዝ ቀዝቃዛ የት አየህ? ጉሮሮዋ ቁስል ነው፣ ልጄን ልታቃጥልብኝ ነው?" ኡፍፍ! ከዚያ ሊለኩት ከንፈራቸውን ቢያስነኩት "ውይ! አላልኩህም? ፈጀኝ!" አይሉም?

ብርቄ ሳቀች። ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ ይነቀነቃል፤ ግን ሳቀች። እኔም ማንኪያውን ተቀብዬ አጎረስኳት፣ እና ዋጠች! ውሃ እንቢ ያላት ሴትዮ ዋጠች! ልድገማት ስል እጄን ያዘችኝና ወደ በሩ አየች።

"አባዬ አየኝ እንዴ?" አለች።

አባቷ ከሞተ ስንት ዘመኑ!  የመለሱላት አማቴ ናቸው። "አላየሽም ልጄ" አሏት፣ "ብዪ። ቢያይሽም ብዪ።"

በላች፣ እና እንቅልፍ ወሰዳት። በዚያው ሳምንት ኦቾሎ ወስደን ከአባቷ አጠገብ ቀበርናት።

— አባባ፣ አንተስ ያን ቀን ቀመስከው?

ቀመስኩት እንጂ! እሷ ስትተኛ የተረፈውን እኔና አማቴ በአንድ ማንኪያ ተቀባበልነው። ቀልጦ ወተት ሆኗል። እሳቸው ግን ተራቸው በደረሰ ቁጥር፣ እንባቸው እየወረደ፣ ኡፍፍ ይሉበታል። (አባባ ይስቃሉ፤ በነጠላቸው ጫፍም ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።)