ሟች ረቢያ ትጠጣው ስለነበረው የቁርቁራ ጭማቂ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ፈሂማ ሰዑድ
ዕድሜ፦ 17
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ሐይቅ ከተማ 02 ቀበሌ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 21 ቀን 2014 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን አሻግሬ በላቸው
ምስክሯ ዕድሜዋ ስላልሞላ አብራ የቀረበች፦ አክስቷ ሙጂባ ሐሰን

ሟች ረቢያ ሐሰን እናቴ ናት። የተጠራሁት የእናቴ አጎት አያ እንድሪስ በቁርቁራ ጭማቂ መርዘው ገድለዋታል ተብሎ በቀረበው አቤቱታ ላይ የማውቀውን እንድናገር ነው። አቤቱታውን ከጅዳ በስልክ ያቀረበው አጎቴ ማህዲ ነው። ጭማቂውን መጀመሪያ ያዘዘላትም እርሱ ራሱ ነው፤ ይህም አብሮ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

እናቴ በቀኝ ጎኗ በወጣባት እጢ ምክንያት አዲስ አበባ የጨረር ሕክምና ጀምራ፣ መስከረም 2014 ላይ ለእረፍት ወደ ሐይቅ ተመለሰች። ሐኪሙ ጨረሩ ጉበቷን ስለነካው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሄዳ ደሟ እንዲታይና የቀረውን ሕክምና እንድትጨርስ ቀጥሯት ነበር። ጥቅምት መግቢያ ላይ ማህዲ የድምፅ መልእክት ላከ። ቁርቁራ ተጨምቆ የተሰጣቸው አይጦች ጨረር ቢመታቸውም ጉበታቸው ተርፏል፣ በጥናት የተረጋገጠ ነው ይላል። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ስልኩን ከበው እንደ ፈትዋ ደጋግመው ሰሙት። ልጆች ሆነን ከእሾሃሙ ዛፍ ሥር የቁርቁራ ፍሬ ስንለቅም የፍየል ቀለብ ትበላላችሁ ብለው በከዘራ ያባርሩን የነበሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ብዙም ሳይቆይ ውጊያው ወደ አምባሰል ሲጠጋ አያ እንድሪስ ከውጫሌ በኩል ሸሽተው እኛ ቤት ገቡ። ሰው ሲሸሽ ፍራሽና ድስት ይይዛል፤ እርሳቸው የመጡት አንድ ጆንያ ቁርቁራ ተሸክመው ነው። ቀጠሮዋ ሳይደርስ ሐይቅም በታጣቂዎች ተያዘች፤ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ።

አያ እንድሪስ ቁርቁራውን ወቅጠው፣ ቀቅለው፣ በነጠላ አጥልለው በጀሪካን ያስቀምጡት ነበር። እናቴ የምትጠጣው ሽማግሌዎቹ ወዳጃ፣ ማለትም የዱአ ጉባኤ፣ ተቀምጠው ጫት ይዘው ዱአ ካደረጉበት በኋላ ነው። ለሕፃናት ወተት በጠፋበት ጊዜ ጫቱ ከየት እንደሚመጣ እስካሁን አልገባኝም። አንድ ቀን እናቴ ሰው እንጂ አይጥ አለመሆኗን፣ አይጦቹም የጠጡት ጨረሩ ሳይመታቸው በፊት መሆኑን ከራሱ ከማህዲ መልእክት ጠቅሼ ተናገርኩ። አያ እንድሪስ ጢማቸውን እያሻሹ፣ “አንቺ ልጅ፣ ለአይጥ የበቃ ለሰው ያንሳል?” አሉኝ። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ጢሙን ካሻሸ ነገሩ ተፈርዷል። ሁሉም ሳቁ። እናቴም ሳቀች። ያን ጊዜ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ነበር።

ለብቻችን ስንሆን ብርጭቆውን ልድፋልሽ ብዬ ጠየቅኳት። “ተይ” አለችኝ፤ “ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ነው መድኃኒቱ። ቤታቸውን ጥለው መጥተው ሌላ የሚሰጡኝ ምን አላቸው?” ከዚያ በኋላ ልድፋው ብዬ አላውቅም።

ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ። ጎረቤታችን ሹፌሩ ታሪኩ ሕመምተኞችን ወደ አዲስ አበባ ሲጭን ለእናቴ የፊት ወንበር ያዘላት። ማለዳ እንደሚመጣ፣ ኬላ ስለሚዘጋበት ግን ብዙ መቆም እንደማይችል አስቀድሞ ነግሮናል። አያ እንድሪስ ደግሞ ቁርቁራው ስላለቀ ለዚያው ዕለት የመዝጊያ ወዳጃ ጠርተው፣ ሽማግሌዎቹ ከፈጅር ሶላት ጀምረው ተቀምጠዋል። ወዳጃ የተቀመጡለት ሰው ደግሞ ሳይመረቅ አይነሳም። የእናቴ ሻንጣ በር ላይ ነበር። ታሪኩ መጥቶ ክላክስ አደረገ። ወጥቼ ትንሽ እንዲታገሠኝ ለመንኩት፤ ታገሠኝ። ተመልሼ ገብቼ አያ እንድሪስን ምርቃቱን አሳጥሩት አልኳቸው። “ሳይመረቅ የተነሳ ሰው መንገዱ አይቀናም” አሉኝ። ከዚያም ለአገር፣ ለዝናብ፣ ለሐይቁ ዓሣ፣ ለታሪኩ መኪና ጎማ ሳይቀር ዱአ አደረጉ። ታሪኩ ሌሎች ሕመምተኞች ጭኖ ስለነበር ጥሎን ሄደ። በእርሱ አልፈርድበትም።

ሌላ መኪና የተገኘው ጥር ላይ ነው። አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሙ ደሟን አይቶ፣ ጉበቷ ስለደከመ የቀረውን ጨረር አትችለውም አለ። ቀደም ብላ ብትመጣ የሚሞከር ነገር ነበር ብሎ ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ። ይዘናት ተመለስን። የካቲት 14 ቀን እቤታችን አረፈች።

ጭማቂው መርዝ ነበረበት ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፦ እኔም ተደብቄ ጠጥቼዋለሁ፤ አያ እንድሪስም ሁልጊዜ ከእርሷ በፊት ይቀምሱት ነበር። ማናችንንም አላሳመመም። እርሷንም አላዳነም።

እናቴ መኪናው ሲሄድ ሰምታለች ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፦ ሰምታለች። ሞተሩ የተነሳው ከመስኮታችን ሥር ነው። ፊቷን ወደ በሩ አላዞረችም። አያ እንድሪስ “አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ” ብለው ሲመርቋት፣ ከሁሉም ድምፅ ጎልቶ የተሰማው የእርሷ አሚን ነው።

ቃሌ አክስቴ ባለችበት ተነቦልኛል፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የተናገርኩት፣ የጨመርኩት የለም። አያ እንድሪስ መርዘዋታል በሚለው ላይ አልፈርምም። አስቀርተዋታል በሚለው ላይ እፈርማለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ፈሂማ ሰዑድ
አብራ የቀረበች ፊርማ፦ ሙጂባ ሐሰን
ቃሉን የተቀበለ፦ ም/ሳጅን አሻግሬ በላቸው