ለዴልፊን የተቀመጠው ዓሣ

የነጭ ድንጋይ ሐይቅ የኦጂብዌ ጎሳ የዓሣና አራዊት ጥበቃ ፖሊስ
የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ቨርና ጎኪ
ዕድሜ፦ 73
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ በፀደይ ዓሣ አስጋሪ
አድራሻ፦ ሰሜን ዊስኮንሲን፣ ነጭ ድንጋይ ሐይቅ፣ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከጀልባ መውረጃው በላይ ያለው ሰማያዊ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2018
ቃሉን የተቀበለው፦ የጥበቃ ፖሊስ ዳሬል ኮርቢን

ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተገለጸው እኔ፣ በአቶ አርቪድ ሃልቮርሰን እጅ ስለተገኘው አንድ ዓሣ የማውቀውን ለመናገር ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። መርማሪው በሥጋ ባንዛመድም ከልጅነቱ ጀምሮ አክስቴ የሚለኝ ስለሆነ፣ ለእኔ አዝኖ ቃሌን እንዳያለሳልስ በቅድሚያ አስጠንቅቄዋለሁ።

አርቪድ በምሥራቅ ዳርቻ ለመዝናናት ዓሣ ለሚያጠምዱ እንግዶች ጎጆና ጀልባ የሚያከራይ ሰው ነው። ዘንድሮ ክፍለ ግዛቱ፣ ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ኦጋ የምንለውን ዓሣ ከያዘ ከነነፍሱ ወደ ውኃው እንዲመልስ ደንግጓል። እኛ የጎሳው ሰዎች በመረብ የምናወጣው ድርሻ አለን፤ እሱም በጀልባ መውረጃው ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ አርቪድን በራሱ የጀልባ መቆሚያ ላይ አንድ ኦጋ በባልዲ ይዞ አገኘው። ከየት አመጣኸው ሲለው «ተሰጠኝ» ብሎ አፉን ዘጋ። ማን እንደሰጠው ካልተናገረ ጀልባውንና የማከራያ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ፣ በማዶው ዳርቻ ያሉት ነጮችም «የጎሳው ሰዎች ከቁጥር ውጭ ዓሣ ይሸጣሉ» እያሉ መሆናቸውን ትናንት ዳቦ ልገዛ ሄጄ ሰማሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓሣው ከእኔ መረብ የወጣ ነው። ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግድም የዓመቱን የመጀመሪያ መረቤን ብቻዬን ሳብኩ። በእኛ ቤት ወግ ከመጀመሪያው መረብ የወጣው የመጀመሪያው ዓሣ አይበላም። ጥዶቹ ባሉበት የሐይቁ ዳር ጫፍ ላይ፣ በዛፍ ቅርፊት ላይ ተጋድሞ፣ አፉ ውስጥ ትምባሆ ተደርጎለት፣ ከቤታችን ለሞተ ሰው ይቀመጣል። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር። እኔም ታላቅ እህቴ ዴልፊን ከሞተች ወዲህ ለእሷ አስቀምጣለሁ። ጫፉ ከጀልባ መውረጃው በፊት ስለሚገኝ ያ ዓሣ ተቆጥሮ አያውቅም። የሟች ድርሻ ከሕያዋን ድርሻ ይቀነሳል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። መርማሪው «በየዓመቱ?» ሲል ጠየቀኝ። «በየዓመቱ» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አክስቴ፣ ይሄን ከጻፍኩት መረብዎን ይወስዱብዎታል» አለኝ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እንግዲያው እውነቱን ይያዝ። ጻፍ!» አልኩት። ጻፈ።

የቀረውን ዓሣ አስቆጥሬ ካበቃሁ በኋላ ጓንቴን ጫፉ ላይ መርሳቴን አስታውሼ ተመለስኩ። አርቪድ ጀልባውን ወደ ዳር ስቦ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከዓሣው አጠገብ ተቀምጧል። ከጀርባው ስደርስ «ዴልፊን፣ ዘንድሮም አታናግሪኝም?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

«አንተ ሽማግሌ! የሙታን ማዕድ ልትዘርፍ መጣህ?» ብዬ ጮኽኩበት። ደንግጦ ሲነሣ ባርኔጣው ውኃ ውስጥ ገባ።

«ኧረ ቨርና፣ ልቤ ደካማ ነው! ልትገድይኝ ነው እንዴ?»

«ብትሞት ምን ቸገረህ፤ ለአንተም አንድ ዓሣ አስቀምጥልሃለሁ» አልኩት። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚህ ሰው ጋር ከሳቅኩ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ አይቀርም።

ለመዝገቡ ግልጽ እንዲሆን፣ ዴልፊን በወጣትነቷ በአርቪድ አባት ኩሽና ትሠራ ነበር። ተዋደዱ። አባቶቻችን መሬቱን በውል ለመንግሥት ሲሰጡ ዓሣውን እንዳልሰጡ ፍርድ ቤት በወሰነበት ሰሞን የማዶው ነጮች በጀልባ መውረጃው ላይ ተሰብስበው ሲሰድቡንና ድንጋይ ሲወረውሩብን ዴልፊን ጀልባችን ውስጥ ከፊት ተቀምጣ ነበር። የአርቪድ አባት ከሚጮኹት አንዱ ነው። አርቪድ ከአባቱ ጎን እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። አልወረወረም፣ አልተሳደበም፣ ተዉ ብሎም አልተናገረም። እሷ አየችው። ቤት ስንገባ ግንባሯ እየደማ «ድንጋዩስ አላመመኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። እሱ ሌላ አግብቶ ሚስቱንም ቀበረ፤ እሷ ግን ሌላ ሰው አላየችም። የኩሽናችን መስኮት ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ያያል። ማታ ማታ ሳህኑ ከጸዳ በኋላም እዚያው ቆማ ታጥብ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እህቴን ግን ዝምታ ነው ከውስጥ በልቶ የጨረሰብኝ። ትናፍቀኛለች። ስሟን የሚጠራልኝ ሰው ይናፍቀኛል። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አይጠቅምም ቢለኝም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

አርቪድ በየፀደዩ ዓሣውን ሳስቀምጥ ከማዶ ሆኖ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ያየኝ እንደነበረና ለመሻገር ድፍረት አጥቶ እንደኖረ ነገረኝ። ክረምቱን ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቷል። «ከእሷ ጋር አንድ ጊዜ ሳልበላ ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ» አለኝ። ቀጥሎም «በናንተ ወግ ከሟች ማዕድ መቁረስ ነውር ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አብሮ መብላት ምን ነውር አለው! ነውሩ ለብቻ መብላት ነው። ብላ።»

«ጥሬውን?»

«አይ የነጭ ነገር! ወስደህ ጥበሰው እንጂ። ለእሷም ሳህን ዘርጋላት፤ ትምባሆውን ከአፉ አውጥተህ ለውኃው መስጠት እንዳትረሳ።»

ዓሣውን በገዛ እጄ አንሥቼ ባልዲው ውስጥ ጨመርኩለት። አርቪድ አላጠመደውም፣ አልሰረቀውም፣ ከእኔም አልገዛውም። የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ «በዓሣው አፍ ውስጥ ቆሻሻ ተገኝቷል» ብሎ መጻፉን መርማሪው አንብቦልኛል። ቆሻሻ አይደለም፣ ትምባሆ ነው፤ ይታረም።

አርቪድ «ቨርና ናት የሰጠችኝ» ቢል ኖሮ ያኔውኑ በለቀቁት ነበር። መረቤን እንዳላጣ ብሎ ዝም አለ። መናገር ሲገባው ዝም ያለ ሰው፣ ዛሬ ደግሞ ዝም ማለት ሳይገባው ዝም አለ። ወይ አርቪድ! መቼ ይሆን በሰዓቱ የሚናገረው? እኔ በበኩሌ በእህቴ ዝምታ ላይ የእሱን ጨምሬ ተሸክሜ ወደ መቃብር አልወርድም።

ጥፋቴን በተመለከተ፣ ሐይቁ የጋራ ነው። ቁጥሩ ላይ የተስማማነው እኛም ነን። አንድ ዓሣ ከተደበቀ መቶ ተደብቋል የሚል ሰው እንደማይጠፋ፣ ስሙም የሚጠፋው የእኔ ሳይሆን በዝናብ ቆመው ሁሉንም በታማኝነት የሚያስቆጥሩት የጎረቤቶቼ እንደሆነ ትናንት ዳቦ ቤት ገባኝ። ለዴልፊን ያስቀመጥኳቸው ዓሦች በሙሉ ከዘንድሮ ድርሻዬ ይቀነሱ። ወግ ይቀጥላል፣ ዓሣው ግን ተቆጥሮ ይቀመጥ። ዴልፊን መቆጠር አይከብዳትም፤ ደስም ይላታል።

መርማሪው በዚህ ቃል መሠረት መረቤ እስከሚመጣው ዓመት መጨረሻ ድረስ እንደሚያዝ ገልጾልኝ ተረድቻለሁ። ይህም ማለት በሚመጣው ፀደይ የማስቀምጠው ዓሣ የለኝም ማለት ነው። ይህን ስሰማ ማልቀሴን መርማሪው አይቷል። ዓሣው አሁን ያለው የት ነው ብዬ ብጠይቀው በክፍለ ግዛቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ በማስረጃነት እንደተያዘ ነገረኝ። እንግዲህ አርቪድ ሳይበላው ቀርቷል ማለት ነው።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ የሚከተለውን ጨምሬአለሁ። ለአርቪድ ንገሩልኝ። ከማዶ ሆኖ በመነጽር ማየቱን ይተው። ቀኑን አይጠብቅ፣ ፀደይን አይጠብቅ፤ እሑድ ይምጣ፣ በፊት ለፊት በር አንኳኩቶ ይግባ። ዓሣ የለኝም፤ ድንች እቀቅላለሁ። ዴልፊን ድንች አትወድም ነበር። እሱ ከመጣላት ግን ትበላለች።

ቃሌ ሲነበብልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልተናገርኩት አልገባበትም፣ የተናገርኩትም አልወጣበትም። ያየሁትንና በእጄ ያደረግሁትን በእውነት መናገሬን በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ቨርና ጎኪ
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ዳሬል ኮርቢን