ጭስ በብልቃጥ

ደህና ዋልሽ፣ የኔ እህት? ነይ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ፤ እዚያ አየሩ ይሻላል። ልጆች ደህና? ተመስገን። ወገብሽስ? ፈቃድ ላይ ሳለሽ የስፌት መኪናሽ ዝጎ እንዳይጠብቅሽ ዘይት ቀብቼልሻለሁ፣ ክሩን ብቻ አስገቢ። የኔማ ዓይን ደከመ። አፍንጫዬ ግን፣ ይመስገን፣ ከበፊቱም በረታ። እዚህ ቤት እየዋለ የማይበረታ አፍንጫ አለ?

ማንንም ማለቴ አይደለም። ሰው ማማት እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ የማወራሽ ስለ ሽቶ ነው። አንድ የማውቃት ሴት አለች፣ እግዜር ይባርካትና ደፋር ናት። ሌላው ሴት ጽጌረዳ ጽጌረዳ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር ይቀባል። እሷ ምን በወጣት? ሻጩ "ይሄ ለሁሉም ሰው አይሆንም" ሲላት ጊዜ ነው አሉ የገዛችው። እውነቱን ነው፣ ለሁሉም አይሆንም… ታዲያ ለሁላችንም የሚደርሰን ለምንድን ነው?

ሽታውን እንዴት ብዬ ልንገርሽ። መጀመሪያ ሬንጅ ነው፤ አሁን መንገድ ላይ የፈሰሰ። ቀጥሎ ዝናብ የመታው ኮርቻ ይመጣል። ከዚያ የተቃጠለ የመብራት ገመድ። ግን አልዋሽም፣ ወደ ማታ ማታ ከሥሩ ማር የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። አንድ ቀን ካፖርቷን ስሰቅልላት ሳላስበው ደግሜ አሸተትኩት። በጠብታ ቢሆን ያምር ነበር፤ እሷ ግን ቸር ናት፣ መቆጠብ አታውቅም። ገና ደረጃውን ሳትወጣ ሽቶዋ ገብቶ ወንበር ይይዛል፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት… እሷ ከወጣችም በኋላ እሱ ይውላል።

ጭስ ያለ እሳት አይወጣም ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ምን ያድርጉ፣ በብልቃጥ ሲሸጥ አላዩ።

ለካ አልሰማሽም… ጋሽ ካውያን ከሥራ አገዱት እኮ። አዎ፣ የኛን ልብስ ተኳሽ። ጸጉሩ ካውያ ላይ የሸበተ ሰው፣ አንድ ቬሎ እንኳ አሳርሮ የማያውቅ። ሴትየዋ አንድ ጠዋት ገባችና "የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል" አለች። መብራት አጠፋን፣ ሶኬት ፈታን። ካውያው ቀዝቃዛ፤ ገና አልተሰካም። በማግስቱም ሸተታት። ዕቃ ቤት ገባች፣ እዚያም ሸተታት። ቢሮዋን ዘግታ ተቀመጠች፣ እዚያማ ባሰ። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሸቷት ሹፌሩን አስቁማ ሞተሩን አስከፈተችው አሉ። የሄደችበት ሁሉ ሲቃጠል… ምስኪን። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

መጨረሻ ላይ "ሰውዬው አርጅቷል፣ ካውያውን እየረሳው ነው" ብላ ለወንድሟ ነገረችው። ወንድሟ ማን እንደሆነ አልናገርም፤ የዚህ ቤት ቁልፍ ግን እሱ ኪስ ውስጥ ነው። እሱም "እስኪጣራ ቤትህ ተቀመጥ" አለው። እሺ፣ ጋሽ ካውያ ቤቱ ከተቀመጠ ወዲህ ሽታው ቆመ? እኔ ምን አውቃለሁ… አንቺ ዛሬ ገባሽ፣ አንቺው አሽትቺ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። እሷን ግን አይመለከትም፤ የጨዋ ልጅ ናት፣ ማማሰያ ነክታ አታውቅም።

የልብስ መሞከሪያው መጋረጃ ተነቃነቀ እንዴ? ነፋስ ይሆናል… ነፋስማ ቢሆን ሽታውን ይዞልን በወጣ ነበር። ተይው፣ ማንም የለም። ድምፄን ከፍ ያደረግሁት መኪናው ስለሚጮኽ ነው።

ትናንት ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እጆቹን ገልበጥ አድርጎ እያየ "ሳላውቀው አቃጥዬ ይሆን እንዴ?" አለኝ። አንጀቴን በላው። ነገ "ተመለስ" ቢባል ምን ይጎድልባታል… ያችን ጥንቁቋን ሴት ማለቴ ነው።

በይ፣ ክርሽ ተበጠሰ፣ ቀጥይው። እኔማ ሁሌም እጸልይላታለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣት። ሽቶዋም አይለያት። ደግሞ ጥሩ ባል ያምጣላት… እንደ ጋሽ ካውያ ያለ፣ ትዕግሥተኛ፣ አጠገቡ በተቀመጠች ቁጥር የገዛ እጁን ገልብጦ የሚያይ። አሜን በይ እንጂ።